ቤንዚን ላይ የተቀዳ አረቄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞተር ሳይክል ኖሮት ወልደአረጋይን አላውቀውም የሚል ሰው ወይ ሞተሩን የገዛው ትናንት ነው፣ ወይ ይዋሻል። ከገበያው በስተጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ግማሿ ቆርቆሮ ግማሿ ሸራ የሆነች መጠገኛ አለችው። ስምም ሰሌዳም የላትም። ደጇ ላይ ግን ሁልጊዜ የተፈታታ ሞተር አይጠፋም፤ አጠገቡ ደግሞ ዘይት ያጠቆረው ካፖርት የደረበ ረጅም ሰውዬ ጎንበስ ብሎ፣ ለሞተሩ ይሁን ለራሱ በማይታወቅ ድምፅ ያጉተመትማል። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ጢሙን የሚላጨው ለበዓል ብቻ ነው። ሲናደድ ይስቃል፣ ሲደሰት ይቆጣል፤ ይህን ያላወቀ አዲስ ደንበኛ ተቀይሞት ይሄድና ብዙም ሳይቆይ ሞተሩን እየገፋ ይመለሳል።

የተወለደው ከአንኮበር አፋፍ ሥር፣ ደጋው ለቆላው በሚለቅበት አገር ነው። በደርግ ጊዜ ለእናቱ ጨው ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ታፈሰና ወታደር ሆነ። ዕድል ቀናውና ከጠመንጃው ይልቅ ካቻቢቴ ደረሰው፤ የመልእክተኞች ሞተር ሳይክል በሚጠገንበት ጋራዥ እጁን በቤንዚን እየታጠበ ጎለመሰ። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኞቹ የያዙትን ሁሉ ሜዳ ላይ ጥለው ሲሄዱ፣ እሱ የመፍቻ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ወደ አገሩ አቀና። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አላሳልፍ ብሎት አንድ አረቄ ቤት ጎራ አለ፤ ከዚያ ቤት ልጅ ከየሺ ጋር ተግባባና እዚያው ቀረ። የሺ እስከ ዛሬ አረቄ ታወጣለች። የእሷን ዳግም፣ ሁለተኛ የወጣውን ጠንካራውን አረቄ፣ የቀመሰ ሰው ሌላ ቤት አይሄድም ይባላል፤ ይህን የሚለው ግን በብዛት ባሏ ነው።

የባልና የሚስቱን ሥራ ያገናኘው አንድ የውርጭ ጠዋት ነበር። ያኔም እንደ ዛሬው ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ ከጀሪካን ይገዛ ነበር፤ ጀሪካኑም ክረምት ከበጋ ደጅ ስለሚያድር ውኃ አያጣውም። የአንድ ፖስተኛ ሞተር ቢመታ ቢመታ አልነሣ አለ። ወልደአረጋይ ካርቡሬተሩን ደጋግሞ ፈታ፣ ካንዴላውን አጠበ፣ ነፋ፣ ጠረገ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ በንዴት እየሳቀ፣ የሺ ለብርዱ ብላ የሰጠችውን አንድ መለኪያ ዳግም ታንከሩ ውስጥ ደፋው።

"በል አንተም ሙቅ!" አለው።

ሞተሩን ወዘወዘው፤ መታው፤ ተነሣ። አልኮሉ ታች የተኛችውን ጠብታ ውኃ ከቤንዚኑ ጋር አዋሕዶ በካርቡሬተሩ አሳልፏት ነበር። ወልደአረጋይ ምክንያቱን አላወቀም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። መነሣቱ በቃው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ልማድ ሆነ። ክረምቱ ሲገባ፣ ኋላም ውርጩ ሲወርድ፣ ወደ አንኮበር የሚወጣ ሞተረኛ ሁሉ መጀመሪያ የወልደአረጋይን ደጅ ይረግጣል። "ጋሽ ወልዴ፣ ለእሱም አንድ ቅዳለት!" ይላሉ ታንከሩን እየከፈቱ። የሺ ታጉረመርማለች፤ "ሰው የሚጠጣው ጠፍቶ ብረት ላጠጣ?" ትላለች፤ ግን ታቀብላለች። ሠላሳ ዓመት ገደማ እንዲህ ተኖረ። ሠላሳ ዓመት ያልከዳውን ነገር ማን ይጠረጥራል? እኔም ብሆን አልጠረጥርም ነበር።

አንድ ልጅ አለችው፣ ገነት። ወንድ ልጅ ባለመውለዱ የሚያዝኑለት ጎረቤቶች ነበሩ፤ እሱ ግን ገና እግሯ መሬት ሳይደርስ ሞተር ላይ አስቀምጦ ፍሬንና ማርሽ አስተማራት። አድጋ የእንስሳት ሐኪም ሆነች። ከመሥሪያ ቤቷ ሞተር ሳይክል ተሰጥቷት የክትባት ሳጥኗን ከኋላ አስራ ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ፣ ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ትመላለሳለች። ከብቱ የታመመበት ገበሬ ሁሉ ስልኳን ይዟል። ዝምተኛ ናት፤ ከአባቷ ጋር መከራከር አትወድም፤ ያላመነችበትን ነገር ግን ማንም አያሠራትም። ወልደአረጋይ ይህን ጠባይዋን ሲያወራ ከእኔ ነው የወረሰችው ይላል። የሺ ይህን ስትሰማ ትስቃለች።

ባለፈው ክረምት ቤንዚኑ ተለወጠ። ማደያ የሚሰለፉ ሰዎች ኢታኖል ተቀላቅሎበታል፣ ከስኳር አገዳ የሚወጣ አልኮል ነው፣ እያሉ ያወሩ ጀመር። ወልደአረጋይ ወሬውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፈው። እጆቹ ግን አንድ ነገር እንዳለ አውቀውታል። ለዓመታት ያገለገሉ የቤንዚን ማስተላለፊያ ጎማዎች ሲነካቸው እንደ ተቀቀለ መኮረኒ ልል እያሉበት መጡ። የአሮጌ ታንከሮች ዝገት ከዘመናት እንቅልፉ የነቃ ይመስል ከግድግዳው እየተላቀቀ ማጣሪያውን ይደፍናል። ካርቡሬተር በከፈተ ቁጥር ከሥሩ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሮ ያገኛል፤ በጥፍሩ ሲፍቀው ብረቱ ተበልቷል። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አላየም። ማደያውን ሰደበ፣ ጎማ አምራቹን ሰደበ፣ ጎማውን መርከብ ላይ ያቆየውን ነጋዴ ሰደበ። የሚያውቀው ሥራ ግን ከእጁ እየወጣ እንደሆነ ተሰምቶታል። ለማን ይናገረዋል? ለየሺ እንኳ አልነገራትም።

ቴዎፍሎስ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምር፣ ከደቡብ መጥቶ ብርዱን እስካሁን ያልለመደ ወጣት ነው፤ በሐምሌ ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ሞተር ይነዳል። ያበጠ የቤንዚን ጎማ ሊያስቀይር መጥቶ ወልደአረጋይ ለሌላ ሰው ሞተር ዳግም ሲቀዳ አየው።

"ጋሽ ወልዴ፣ እባክዎ ይህን ነገር ይተዉት" አለ።

"ምነው? ሞተሩ ሰከረ?"

"ቤንዚኑ ሰክሮ ነው የሚመጣው። አልኮል አለበት። አልኮል ደግሞ ውኃ ይወዳል፤ ከአየሩም ከጀሪካኑም እየሳበ ያጠራቅማል። ሙቀት ላይ እያለ ይችለዋል። ብርድ ሲመታው ግን መያዝ ያቅተውና ከነውኃው ከቤንዚኑ ተለይቶ ታች ይዘቅጣል። ሞተሩ የሚስበው ከታች ነው። የእትዬ የሺ ዳግም ደግሞ ቢያንስ ግማሹ ውኃ ነው። አደርቃለሁ ብለው እያረጠቡት ነው።"

ወልደአረጋይ ሳቀ። የሚያውቁት ሁሉ ያንን ሳቅ ሰምተው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

"የሚስቴን አረቄ ግማሹ ውኃ ነው አልክ?"

"እንደሱ ማለቴ ሳይሆን..."

"ብለሃል! ሰው ሁሉ ሰምቷል። ስማ መምህር፣ አንተ ይህን ነገር ያየኸው ብልቃጥ ውስጥ ነው። እኔ ቁንዲ ተራራ ጥግ፣ የአንኮበሩ መንገድ ዳገት ላይ፣ ጉም ውስጥ ነው ያየሁት።"

"ብልቃጥ ውስጥም ያው ነው፣ ጋሽ ወልዴ። አንድ ጠርሙስና ትንሽ ቤንዚን ይስጡኝና አሁኑኑ ላሳይዎት።"

"አታሳየኝ" አለ ወልደአረጋይ፣ ጎማውን እየገጠመ። "ሂድ ተማሪዎችህን አሳይ።"

ቆመው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ ሳቃቸውም ደስ አለው። ገነት በዚያ ቀን ምሳ ልታደርስለት መጥታ ከሸራው ሥር ተቀምጣ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። ቴዎፍሎስ ሲወጣ ተከትላው ወጣች። ወልደአረጋይ አሻግሮ ሲያያቸው መምህሩ በእጁ አንድ ነገር እያሳየ ያስረዳል፣ ልጁ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። ነገሩ ሌላ መስሎት በጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ። ማታ ለየሺ "ያ ብርዳም መምህር አማችሽ ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ነገራት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከአልዩ አምባ በኩል አባ ሰንጋ ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። ገነት ክትባቱን ይዛ ልትወርድ ማልዳ ተነሣች። ከተማው ጉም ውጦታል፤ የባጃጆቹ መብራት እንኳ ከቅርብ አይታይም። ወልደአረጋይ በራሱ እጅ ሞተሯን ጠረገላት፣ ፍሬኗን አየላት፣ ከመጠገኛው ጀሪካን ታንከሯን ሞላላት። ከዚያ የዳግሙን ጠርሙስ አነሣ።

"አባዬ፣ ዛሬ ይቅርብኝ" አለች።

"ምኑ ነው የሚቀርብሽ? ጉሙን አታይም?" አንድ ቀዳ። ትንሽ አሰበና ሁለተኛ ደገመ። "ለልጄማ ሁለት ነው።"

ገነት የታንከሩ ክዳን እስኪገጠም ፊቱን አየችው። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ደጅ ላይ ግን ተራቸውን የሚጠብቁ ደንበኞች ቆመዋል፤ በእነሱ ፊት አባቷን ማሳፈር አልሆነላትም። ትከሻውን ስማው፣ ሞተሩን አስነሥታ ሄደች። ወልደአረጋይ ያንን ዝምታዋን ትራስ ላይ ተጋድሞ ስንት ጊዜ እንደሚያስበው ያኔ አላወቀም። ወደ ደንበኞቹ ዞሮ ለሁሉም ቀዳላቸው። ለራሱም ሞተር ቀዳ።

ከምሳ በኋላ አዲሱ የሚባል ደንበኛ እያላበው ሞተሩን እየገፋ መጣ። የፋብሪካ ብርድ ልብስ እያዞረ የሚሸጥ፣ ሲያወራ የማይደክመው ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ትንፋሽ አጥሮት ሞተሩን ባሕር ዛፉ ላይ አስደገፈው።

"ምን ሆነ?" አለው ወልደአረጋይ።

"እኔ እንጃ። አፋፉ ላይ ስደርስ ሳል ሳል አለውና ቀጥ። ደግሜ ብመታው አልሰማ አለኝ።"

ወልደአረጋይ ካርቡሬተሩን ገና ሳይፈታ ዳዊት የሚባለው ጋዝ አመላላሽ ከነጋዙ በጋሪ ተጭኖ ደረሰ፤ ሞተሩ ወደ ደነባ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆሞ ቀርቷል። እሱ ሳይወርድ ሌላ ሰው ከማዶ እየገፋ ሲመጣ ታየ። ሁሉም ጠዋት ተሰልፈው ያስቀዱ ናቸው። ወልደአረጋይ እያንዳንዱን ሲያይ ክው እያለ ሄደ። ሰዎቹ ግን አልጠረጠሩትም። "ጋሽ ወልዴ፣ ይህ ማደያ ጨረሰን እኮ" እያሉ ከእሱ ጋር ሊሳደቡ ተዘጋጅተው ነበር። እሱ አልተሳደበም።

የአዲሱን ካርቡሬተር ታች ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጎ፣ የወረደውን በአረቄ መለኪያ ተቀበለው። ብርሃን ላይ አንሥቶ አየ። መለኪያው ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። ከላይ ስስ ብሎ ቤንዚኑ፣ ከሥር ደፍረስ ያለ ሌላ ፈሳሽ፣ በመካከላቸው ጥርት ያለ መስመር። ቢያማታው ተቀላቅሎ መልሶ ተለያየ። ጣቱን ከሥር ነክሮ አሸተተ። የሚስቱ ዳግም ሸተተው። ከመለኪያው አብዛኛው እሱ ነበር።

መለኪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። መምህሩ ያለው ቃል በቃል ትዝ አለው፦ ሙቀት ላይ ይችለዋል፣ ብርድ ሲመታው ይዘቅጣል። ልጁ ከቆላ ነው የምትመለሰው። አልዩ አምባ ላይ ሞቆ የተዋሐደው ቤንዚን ወደ ቁንዲ ብርድ እየወጣ ሲመጣ ይለያያል። ለእሷ የቀዳው ደግሞ ሁለት ነው። በዚያ መንገድ ላይ፣ በዚያ ጉም፣ አንድ ጎኑ ገደል በሆነበት ዳገት ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስንቱን ሰው ከዚያ ገደል ሲያወጡ ቆሞ አይቷል።

ስልኩን አወጣ። "የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም" አለው የተቀረጸው ድምፅ። መልሶ ደወለ። ያው ነው። ጎረቤላ የመሥሪያ ቤቷ ጥበቃ የሆነውን ብርሃነ መስቀልን ሞከረ፤ እሱ አነሣ።

"ገነትን አይተሃታል?"

"አሁን ከቆላ ተመልሳ፣ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወደ እናንተ ወጣች። ጉሙ ሳይብስ ልድረስ ብላ። ምነው በደኅና?"

ወልደአረጋይ ስልኩን ዘጋው። የሺ ድምፁን ሰምታ ከጓሮ ወጥታ ነበር። ፊቱን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ምን ሆናለች? ንገረኝ፣ አንተ ሰው!"

"ምንም አልሆነችም። ልቀበላት ነው።"

"በመኪና ሂድ።"

"ሚኒባሱ እስኪሞላ ማን ይጠብቃል!"

የራሱ ሞተር ውስጥ ያለው ቤንዚንም ያው የጠዋቱ እንደሆነ አልጠፋውም። የቤንዚኑን ጎማ ነቅሎ የታንከሩን ሥር ለቀቀው፤ ዳግም ዳግም የሚሸተው ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። የቤንዚን ሽታ ብቻ ሲመጣ መልሶ ገጠመና ነጻ ሆነ ብሎ አመነ። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ገና ብዙ ውኃ አቅፎ እንደያዘ፣ ብርድ በጨመረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ እንደሚያዘቅጥ ማን ይንገረው? ሊነግረው የነበረውን ሰው አታሳየኝ ብሎ አባሮታል።

ከከተማው ወጥቶ ዳር ላይ የሰፈሩትን ተፈናቃዮች የሸራ መጠለያ ሲያልፍ ጉሙ ትንሽ ገለጥ ብሎ ነበር። የገብሱ ማሳ፣ የድንጋዩ አጥር፣ መንገድ ዳር የተኮለኮሉ በጎች ታዩት። ሞተሩ ደኅና ይሄዳል። "እመብርሃን፣ አንቺ ጠብቂያት" አለ። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ለሞተር እንጂ ለእመቤታችን በቅጡ ተናግሮ አያውቅም፤ አሁን ቃል ጠፍቶበት ያንኑ ደጋገመው። እያንዳንዱን የሚመጣ ጥላ ገነት ናት ብሎ ያፈጥበታል፤ ሲቀርብ ወይ አህያ ይሆናል፣ ወይ የሳር ሸክም የያዘ ሰው። ሰዎቹን እያቆመ ጠየቀ። ሞተር የያዘች ሴት ያየ አልተገኘም።

ወደ ቁንዲ ዳገት ሲቀርብ ጉሙ ተመልሶ ወረደ። መብራቱን አበራ። ብርድ በካፖርቱ እጅጌ ገብቶ ብብቱ ድረስ ዘለቀ። ዳገቱን እንደጀመረ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተደናቀፈ። ልቡ አብሮ ተደናቀፈ። ቤንዚን ጨመረለት፤ ተነሣ፤ ደግሞ ሳለ። "አይ! አይ! አሁን አይደለም!" አለ ጮክ ብሎ። ጥምዝምዙ መሃል ላይ፣ ዳገቱ በጣም በሚከረርበት፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አነቀውና ጠፋ። እንዲህ ያሉ ሞተሮች መብራታቸውን የሚያገኙት ከሚዞረው ሞተር ነውና መብራቱም አብሮ ጠፋ።

ሲመታው አልተነሣም። ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር፤ ፍሬኑ ብቻውን አልያዘውም። ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሞተር የለም፤ ስለዚህ እንደለመደው መንገዱ ላይ አጋድሞ አዞረው፣ መቆሚያውን አወረደ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። መንገዱ ጠባብ ነው። ሞተሩ አብዛኛውን ዘጋው። ወደ ዳር ሊገፋው አሰበ፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ውኃ የሞላ ቦይ ነበር። ለአፍታ ነው፣ ካርቡሬተሩን አጥቤ እነሣለሁ፣ አለ በልቡ።

የመንገዱን ሕግ ያውቃል። የቆመ መኪና ያለበት ሰው በሁለቱም በኩል ራቅ አድርጎ ቅጠል ያነጥፋል። አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ከቦዩ ዳር ሰብሮ መጀመሪያ ወደ ታች ሮጠ፣ ከኋላው የደብረ ብርሃን አይሱዙ ሊመጣ ይችላል ብሎ። እዚያ አነጠፈ። ተመልሶ ለላይኛው በኩል ሊሰብር ቦዩን ተሻግሮ ከፍታው ላይ ወጣ። አስታው እርጥብ ነው፤ እጁ ቀዝቅዞ አልታዘዝ አለው።

በዚህ መሃል ድምፅ ሰማ።

ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሞተር ሳይክል እየመጣ ነበር። ሳል የለበትም። ሳይደናቀፍ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል። ወልደአረጋይ ድምፁን ለየው፤ ጠዋት በእጁ የጠረገው ነው። ደስታ ከእግሩ ጀምሮ ወረረው። ደኅና ናት! ወዲያውም የሆነው ሁሉ ገባው። እሱ የቀዳው ቤንዚን ቢሆን ይህን ዳገት አይሻገርም ነበር። ልጁ ከከተማ ሳትወጣ አንድ ቦታ ቆማ ደፍታዋለች። በደንበኞቹ ፊት ላታሳፍረው አስቀድታ፣ ከዓይኑ ስትርቅ ደፍታ ሌላ ሞልታለች። መምህሩን አምናለች። አባቷን ደግሞ ወዳዋለች፤ ለዚህ ነው ያልነገረችው። "የኔ ልጅ!" አለ ሳቅ እያለ፣ ይህ ሳቅ የንዴት አልነበረም።

ከዚያ የራሱ ሞተር መንገዱን ዘግቶ መቆሙ ትዝ አለው።

አስታውን ጥሎ ዘለለ። "ገኒ! ገኒ ቁሚ! ቁሚ ልጄ!" አለ። ያ የሚያምር ድምፅ እየቀረበ መጥቶ ጩኸቱን ዋጠው። ቢጫ መብራት ጉሙን ገልጦ ወጣ። ወልደአረጋይ ቦዩ ውስጥ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፤ ተነሣ፤ እጁን እያርገበገበ ሮጠ። መብራቱ የእሱን ጥቁር ሞተር ሲያገኘው አየ። ፍሬን ሲያዝ፣ ጎማ እርጥቡ ላይ ሲፏጭ ሰማ። ከዚያ ብረት ከብረት ተጋጨ፤ የክትባት ሳጥኑ በአየር ላይ ተወርውሮ ገደሉ ውስጥ ገባ።

ሲደርስ ልጁ ከድንጋዩ አጠገብ በጎኗ ተኝታ ነበር። የራስ ቁሯ ከራሷ ወልቋል። አንድ ጫማዋ የለም። ተንበርክኮ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ያዘ። እነዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ብረት ሲያዳምጡ የኖሩ እጆች አንገቷን ነካኩ፣ ደረቷን ነካኩ። ጆሮውን አፏ ላይ አደረገ። ትንፋሿን ሊሰማ አልቻለም። ሞተሯ አጠገቡ ወድቃ፣ የኋላ ጎማዋ ባዶ አየር እየመታ፣ አሁንም ትሠራለች።

"ዝም በይ!" ብሎ ሞተሯ ላይ ጮኸ።

በጉልበቱ ተሳበ፣ ቁልፉን ፈልጎ አገኘ፣ አጠፋው። ጉሙና ዝምታው አንድ ላይ ወረዱ። ተመልሶ ተንበረከከና፣ ጢሙ ጉንጯን እየነካ፣ ጆሮውን እንደገና ልጁ አፍ ላይ አደረገ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ትንፋሽ አልነበረም።